ሻለቃነት በ3,200 ፓውንድ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን የያዘው የእንግሊዝ ጦር በሩቅ ሲያዩት አንድ ጦር ነው፤ መኮንኖቹ ማዕረጋቸውን እንዴት እንዳገኙ ለጠየቀ ግን ሁለት ነበር። አዛዡ ሰር ሮበርት ናፒየር የቤንጋል መሐንዲሶች መኮንን ነው። በ1826 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአዲስኮም ወታደራዊ ትምህርት ቤት ወጥቶ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ጦር ተቀላቀለ። እዚያ ሹመት የሚገኘው ተራ ሲደርስ ስለነበር ተራውን እየጠበቀና በየጦርነቱ እየቆሰለ ጄኔራልነት ደረሰ። የአምባውን በር ጥሰው ከገቡት አንዱ የሆነው 33ኛው እግረኛ ሬጅመንት ግን የሚተዳደረው በሌላ ደንብ ነው። በዚያ ሬጅመንት ሻምበል መሆን የፈለገ መቶ አለቃ የሚጠበቅበት ገንዘብ መቁጠር ነበር።

ጉቦ ማለቴ አይደለም። ግዢው ሕጋዊ ነው፤ ዋጋው በንጉሥ ትእዛዝ የተወሰነ፣ ታትሞ የወጣ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ታሪፍ ነበረው። በ1821 ዝርዝር መሠረት በተራ እግረኛ ሬጅመንት የመጀመሪያው የመኮንንነት ማዕረግ 450 ፓውንድ፣ መቶ አለቃነት 700፣ ሻምበልነት 1,800፣ ሻለቃነት 3,200፣ ሬጅመንቱን የሚመራው የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ደግሞ 4,500 ፓውንድ ያወጣ ነበር። ፈረሰኛው ዘንድ ዋጋው ይወደዳል፤ ሌተና ኮሎኔልነት 6,175 ይገባል። በንጉሡ እግረኛ ዘበኞች ውስጥ 9,000 ነው። ተራው ወታደር በቀን አንድ ሺሊንግ፣ በዓመት ከ18 ፓውንድ ትንሽ ከፍ የሚል ደመወዝ ነበረው። የመጨረሻዋን ዝቅተኛ የእግረኛ መኮንንነት ለመግዛት እንኳ ሳይበላና ሳይጠጣ ወደ ሃያ አምስት ዓመት ማጠራቀም ነበረበት።

አሠራሩ ብልሃት አላጣም። አንድ ሌተና ኮሎኔል ጡረታ ልውጣ ሲል ማዕረጉን ለሽያጭ ያቀርባል። ከሥሩ ያለው አንጋፋ ሻለቃ የሁለቱን ማዕረጎች ልዩነት 1,300 ፓውንድ ይከፍልና ከፍ ይላል። የሻለቃውን ቦታ የሚይዘው ሻምበል 1,400፣ ሻምበል የሚሆነው መቶ አለቃ 1,100፣ መቶ አለቃ የሚሆነው ጀማሪ መኮንን 250 ይከፍላል፤ ከታች አዲስ የሚገባው ወጣት 450 ያመጣል። ደምሩት፤ 4,500 ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ሲወጣ አምስት ሰው ይነቃነቃል፣ ተሰናባቹ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ይገባል፣ መንግሥት ከካዝናው አንድ ሳንቲም አያወጣም። አንጋፋው ሻለቃ ገንዘብ ካጠረው ግን ከሱ በታች ያለው ባለገንዘብ በላዩ ዘሎ ይሄዳል። ሥርዓቱ የሚያንገበግበው እዚህ ላይ ነበር። መሀል ላይ ሆነው የሚያገናኙ ደላሎችም ነበሩ፤ በ1758 የተቋቋመው ኮክስና ኩባንያው ከሬጅመንቶቹ ሒሳብ ያዥነት ጋር ይህንንም ሥራ ደርቦ ሲሠራ ስመ ጥር ሆኗል።

በኛ አገር ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እንግሊዛዊው መኮንን ቁጭቱን አያውቀውም፤ የሚበላው ሲወጣ ነው። የአንድ እግረኛ ሌተና ኮሎኔል የቀን ደመወዝ 17 ሺሊንግ፣ በዓመት 310 ፓውንድ ያህል ነበር። ማዕረጉን የገዛበትን 4,500 ፓውንድ በአራት በመቶ ወለድ ቢያስቀምጠው 180 ፓውንድ ያለ ሥራ ያገኝ ነበር። እንግዲህ ለድካሙ የሚተርፈው ምንድነው? መንግሥት መኮንኖቹን የሚያሠራው ከራሳቸው ገንዘብ ወለድ ላይ ጥቂት ጨምሮ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጡረታ ሕግ ባልነበረበት ዘመን የማዕረጉ መሸጫ ጡረታ ነው፤ ጥፋት ሠርቶ የተባረረ መኮንን ገንዘቡን ስለሚያጣም የጠባይ መያዣ ነው።

ሥርዓቱ በዚህ ብቻ አይደለም ሁለት መቶ ዓመት የቆየው። ሥሩ ያለው በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ፍርሃት ውስጥ ነው። በ1650ዎቹ ኦሊቨር ክሮምዌል ንጉሥ ካስገደለ በኋላ አገሪቱን በጄኔራሎቹ ከፋፍሎ አስተዳድሯል። ጄኔራሎቹ ከዝቅተኛ ቤት የወጡ፣ በሃይማኖትና በውጊያ የጠነከሩ ሰዎች ነበሩ፤ ባላባቱ ያንን ዘመን ፈጽሞ አልረሳውም። በ1660 ቻርልስ ሁለተኛ ዙፋኑን ሲያስመልስ የማዕረግ ግዢም ከጦሩ ጋር አብሮ ተደላደለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መሬትና ርስት ያለው መኮንን መንግሥት ገልብጦ የሚያተርፈው የለም። የሚያጣው ይበዛል። በ1720 ጆርጅ ቀዳማዊ ዋጋውን በታሪፍ ወሰነ።

ነገሩን እንደ ሞኝነት ብቻ የሚያዩ ጸሐፊዎች ይህንን ፍርሃት የዘነጉት ይመስለኛል። እንግሊዝ ሠራዊቷ መንግሥት እንዳይገለብጥ ስትል ሠራዊቷን ለባለርስት የሸጠች አገር ናት። ያ ዓላማ ደግሞ ሠርቷል፤ ከክሮምዌል ወዲህ በእንግሊዝ ጄኔራል በጦር ኃይል ሥልጣን ይዞ አያውቅም።

ከሥርዓቱ ጠበቆች ዋነኛው ዌሊንግተን ነው። እሱ ራሱ የግዢ ፍሬ ነበር። በ1787 በአሥራ ሰባት ዓመቱ መኮንን ሆነ፤ ከሬጅመንት ወደ ሬጅመንት እየተዛወረ፣ ማዕረግ በማዕረግ ላይ እየደረበ በ1793 በሃያ አራት ዓመቱ የ33ኛው ሬጅመንት ሌተና ኮሎኔል ሲሆን ገንዘቡን ያበደረው ወንድሙ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ውጊያ እንኳ አላየም። ናፖሊዮንን ያሸነፈው ጄኔራል እንዲህ ከተገኘ ማን ሥርዓቱን ይወቅሳል? ከአንድ ዌሊንግተን ጋር ስንት ደካማ አብሮ እንደተገዛ ግን የቆጠረ አልነበረም።

በመድፈኞችና በመሐንዲሶች ዘንድ ግዢ ገብቶ አያውቅም። ሬጅመንት ለመምራት ገንዘብ ይበቃል ቢባል እንኳ መድፍ ለማነጣጠር ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከ1741 ጀምሮ ዉልዊች በሚገኘው ትምህርት ቤት ተምረው ይወጡ ነበር። ባሕር ኃይሉም እንዲሁ። የመርከብ መኮንን ለመሆን ፈተና ማለፍ የተደነገገው ሳሙኤል ፔፒስ የባሕር ኃይሉን ጽሕፈት ቤት በያዘበት በ1677 ነው። መርከብን ድንጋይ ላይ የሚያወጣ ሀብታም ለማንም አይበጅም።

ታዲያ እነዚህ ፈተና አልፈው በተራ የሚሾሙት ክፍሎች ችግራቸው ሌላ ነበር። ተራ የሚደርሰው የበላይ ሲሞት ወይም ሲለቅ ነው፤ ያለ ጡረታ ደግሞ ማንም አይለቅም። ፀጉሩ የሸበተ የመድፈኛ ሻምበል የተለመደ ሆነ። በሕንድ ኩባንያው ጦር ውስጥ የታች መኮንኖች ገንዘብ እያዋጡ አልወጣ ያለውን አለቃቸውን ካሳ ሰጥተው ይሸኙት ነበር፤ ግዢን በግንባር ያስወጡት በጓሮ ገባ ማለት ነው። የግዢ ጠበቆች ዘወትር የሚጠቅሱት ይህንን ነው። በገንዘብ ካልሆነ በምን? በተራ ከሆነ ጦሩ በሽማግሌዎች ይሞላል፤ በምርጫ ከሆነ መራጩ ዘመዱንና ወዳጁን ያነሳል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ከተሐድሶው በኋላም እንደምናየው መልስ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጅቷል።

የመጀመሪያውን መጠገኛ ያመጣው የንጉሡ ልጅ የዮርክ መስፍን ነው። በ1795 የጦሩ አዛዥ ሲሆን በስማቸው ማዕረግ የተገዛላቸው ሕፃናት በመዝገቡ ላይ ነበሩ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ መኮንን እንዳይሆን፣ ሁለት ዓመት ያላገለገለ ሻምበል፣ ስድስት ዓመት ያላገለገለ ሻለቃ እንዳይሆን ደነገገ። ኋላ ሳንድኸርስት የሆነውን ትምህርት ቤትም አስጀመረ። እጣ ፈንታ ሲቀልድ ግን በ1809 ወዳጁ የነበረችው ሜሪ አን ክላርክ ከማዕረግ ፈላጊዎች ገንዘብ እየተቀበለች ለሱ ስታማልድ ኖራለች ተብሎ ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ። መስፍኑ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ከዚያ ቅሌት የተወለደው የ1809 ሕግ በንጉሥ ደንብ ከተወሰነው ዋጋ ውጭ ማዕረግ መሸጥን ወንጀል አደረገ። ይህንን ሕግ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ያልታሰበ ሥራ ይሠራል።

ወንጀል ይሁን እንጂ ከታሪፍ በላይ ያልከፈለ አልነበረም። ጥሩ ስም ያላቸው የፈረሰኛ ሬጅመንቶች የታሪፉን እጥፍና ከዚያም በላይ ያወጡ ነበር። አለቆች ያውቃሉ፣ ደላላ ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ሬጅመንቱ ወደ ሕንድ ወይም ቢጫ ወባ ወዳለበት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሲታዘዝ ሀብታሙ መኮንን ልዩነቱን ከፍሎ ከድሃ መኮንን ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ ድሃው ወደ ሞት፣ ሀብታሙ ወደ ለንደን ግብዣ። የለንደን የአለባበስ አውራ የነበረው ቦ ብራመል በ1798 ሬጅመንቱ ወደ ማንቸስተር ሊዛወር ነው ሲባል፣ ያውም ሕንድ ሳይሆን ማንቸስተር፣ ሻምበልነቱን ሸጦ ወጣ።

የዚህ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ የሚነሳው የካርዲጋን ጌታ ጄምስ ብረደኔል ነው። በ1824 በሃያ ስድስት ዓመቱ ጦር ገባ፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በገንዘቡ የ15ኛው ፈረሰኛ አዛዥ ሆነ። በ1834 አንድ ሻምበሉን በከሰሰበት ችሎት ክሱ ውድቅ ሆኖ ጠባዩ በመጋለጡ ከአዛዥነቱ ተነሳ። በሌላ አገር ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እሱ ግን በ1836 11ኛውን ፈረሰኛ አገኘ፤ 40,000 ፓውንድ እንዳወጣበት በሰፊው ተወራ። እዚያም በሕንድ ለዓመታት የተዋጉትን መኮንኖቹን እንደ ዝቅተኛ ሰዎች እየቆጠረ ያዋርዳቸው ጀመር። ጥቅምት 25 ቀን 1854 ባላክላቫ ላይ ወደ 670 የሚጠጉ ፈረሰኞችን እየመራ የሩሲያ መድፎች በሦስት ወገን በከበቡት ሸለቆ ውስጥ የጋለበው እሱ ነው። ወደ 110 የሚሆኑት ሞቱ። የበላዩ ሉካን የእህቱ ባል ነበር፤ እሱም ሬጅመንት ገዝቶ የወጣ ሰው ነው፤ ሁለቱ አይዋደዱም። ለፍትሕ ያህል ካርዲጋን ድፍረት አልጎደለውም፤ ከሁሉ ፊት ጋልቦ መድፎቹ ጋ ደርሷል። የጎደለው ሌላ ነገር ሁሉ ነው። ሰዎቹ በጭቃ ሲያድሩ እሱ ወደብ ላይ በቆመች የግል መርከቡ ያድር ነበር።

በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ የስኮትላንድ እግረኞችን ይዞ የሩሲያን ፈረሰኛ የመለሰው ኮሊን ካምቤል የግላስጎው አናጢ ልጅ ነው። በ1808 መኮንን ሆኖ ከስፔን ጀምሮ ተዋግቶ፣ ቆስሎ፣ ማዕረጉን በብድር እየገዛ ሌተና ኮሎኔል የሆነው በ1832 ነው። ዌሊንግተን ስድስት ዓመት የፈጀበትን መንገድ ካምቤል በሃያ አራት ዓመት ሄደው። ሄንሪ ሃቭሎክ ከሱ ይብሳል፤ በ1815 ጦር ገብቶ ሻምበል የሆነው በ1838 ነው። ሰካራሞችና ቂሎች በገንዘብ በላዬ አልፈዋል እያለ እንደተማረረ ይነገርለታል። በ1857 በሕንድ የተነሳው አመፅ ሲነድ መንግሥት የተማመነው በእነዚህ በሁለቱ ነበር።

ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ በ1856 መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በገንዘብ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን የነበረውና የሲቪሉን መሥሪያ ቤት ሹመት በፈተና ይሁን ብሎ ያስጻፈው ቻርልስ ትሬቬልያን ቀርቦ ግዢን አጥብቆ ተቃወመ። ኮሚሽኑ ቢያንስ ሌተና ኮሎኔልነት አይሸጥ አለ። ማንም አልሰማውም።

በታኅሣሥ 1868 የግላድስተን መንግሥት ሲመሠረት የጦር ሚኒስትርነቱን የያዘው ኤድዋርድ ካርድዌል ወታደር አልነበረም፤ ቁጥር የሚወድ፣ ቀዝቃዛ፣ ታታሪ ሰው ነው። በሰላም ጊዜ ወታደር በጅራፍ መገረፉን አስቀረ፣ የወታደሩን የአገልግሎት ዘመን አሳጠረ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ የአጎት ልጅ የሆነውን የጦር አዛዥ የካምብሪጅ መስፍንን በሚኒስትሩ ሥር አደረገ። ወታደርን በአጭር አገልግሎት እያሠለጠኑ ለመቀያየር ሙያውን የሚያውቅ መኮንን ያስፈልጋል። መኮንኑን ደግሞ መንግሥት እንደፈለገ ሊያዛውረው አልቻለም፤ ቦታው ንብረቱ ነውና። ካርድዌል የገባው ይህ ነበር፤ መንግሥት ጦሩን ከማሻሻሉ በፊት ከገዛ መኮንኖቹ እጅ መልሶ መግዛት ነበረበት። መስከረም 1870 ፕሩሲያ ፈረንሳይን ሴዳን ላይ ስትሰብር ጊዜው ተመቻቸ። ፕሩሲያ ከናፖሊዮን ሽንፈቷ በኋላ በ1808 ባወጣችው ደንብ በሰላም ጊዜ እውቀት፣ በጦርነት ጊዜ ጀግንነትና አስተዋይነት ብቻ ለመኮንንነት እንደሚያበቃ ደንግጋ ነበር። በተግባር መሳፍንቷ ቦታቸውን አልለቀቁም፤ ሆኖም ይማሩ ነበር።

ካርድዌል በ1871 ግዢን የሚሽረውን ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ ሒሳቡ አስደንጋጭ ሆነ። ከታሪፍ በላይ የተከፈለውም ጭምር ይካስ ስለተባለ ወጪው ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ የዚያ ዓመት የጦር በጀት 16 ሚሊዮን ገደማ ነው። መንግሥት በወንጀል የተከፈለን ገንዘብ ሊክስ ተስማማ ማለት ነው፤ ዝም ብሎ የኖረው ራሱ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በታችኛው ምክር ቤት “ኮሎኔሎቹ” የተባሉ አባላት ንግግር እያስረዘሙ ለወራት ጎተቱት። በሐምሌ መጀመሪያ አለፈ። የመሳፍንቱ ምክር ቤት ግን ሐምሌ 17 ቀን በ155 ድምፅ ለ130 ይቆይ ብሎ ገፋው።

ግላድስተን ያንን የ1809 ሕግ ከመዝገብ መዘዘ። ሕጉ የሚለው በንጉሥ ደንብ ከተፈቀደው በቀር ማዕረግ አይሸጥ ነው። እንግዲያው ንግሥቲቱ ደንቧን ብትሰርዝ የሚፈቀድ ሽያጭ አይኖርም፤ ምክር ቤት አያስፈልግም። ሐምሌ 20 ቀን ቪክቶሪያ ፈረመች፤ ከኅዳር 1 ቀን 1871 ጀምሮ ግዢ ቀረ። መሳፍንቱ ወጥመድ ገቡ። ረቂቁን ካላጸደቁ ግዢው እንደሆነ ቀርቷል፣ ካሳው ብቻ ይጠፋል፤ የሚጎዱትም ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው ናቸው። መንግሥትን በውሳኔ ነቅፈው አጸደቁት። ለነጻነት የሚቆረቆሩ ሰዎች፣ ከግላድስተን ፓርቲ ጭምር፣ በዘውድ ትእዛዝ ፓርላማን መዝለል አደገኛ ልማድ ነው ብለው ተቹ። ተቺዎቹ ትክክል ነበሩ። ግላድስተንም ትክክል ነበር።

ከዚያስ? “በገንዘብ ካልሆነ በምን?” የሚለው ጥያቄ እንደተፈራው መጣ። የካምብሪጅ መስፍን እስከ 1895 አዛዥ ሆኖ ቆየ፤ የሚያምነው በተራ ነው። የግዢው ገንዘብ ሲቀር የሚገፋ ኃይል ስለጠፋ ማዕረጎቹ ታጨቁ፤ በሎርድ ፔንዛንስ የተመራ ኮሚሽን መክሮ በ1877 አስገዳጅ የጡረታ ዕድሜ ወጣ። በሌላ ወገን አንድም ማዕረግ ሳይገዛ በጀግንነት የወጣው ጋርኔት ዎልስሊ በ1873 ወደ አሻንቲ ሲዘምት ብልህ ብልሁን መኮንን እየመረጠ ወሰደ፤ ድልም ቀናው። ከዚያ በኋላ ግን ለየዘመቻው የሚጠራው እነዚያኑ ሰዎች ሆነ። ከሕንድ በኩል ደግሞ የጄኔራል ሮበርትስ ሰዎች የሚባሉ ተቧደኑ። ምርጫ በአንድ ሰው ዓይን ከሆነ ቡድን ይወልዳል። የመኮንንነት እጩን የሚመዝን ሥርዓት የተገኘው ዘግይቶ በ1942 ነው፤ በጄኔራል ሮናልድ አዳም ጊዜ እጩዎቹ መሪ ሳይሾምላቸው በቡድን ሥራ እየተሰጣቸው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ባለበት ቦርድ ይታዩ ጀመር።

ዋጋውም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፤ ከማዕረጉ ወደ ኑሮው ተዛወረ። የመኮንኖች ክበብ ወጪ፣ የደንብ ልብሱ፣ ፈረሱ፣ አደኑ፣ የፖሎ ጨዋታው በደመወዝ አይቻልም። ከቦር ጦርነት በኋላ ጉዳዩን ያጣራ ኮሚቴ እንዳገኘው አንድ እግረኛ መኮንን ከደመወዙ ሌላ በዓመት ከ100 እስከ 150 ፓውንድ፣ ፈረሰኛ ደግሞ በብዙ መቶዎች የሚቆጠር የግል ገቢ ያስፈልገው ነበር። ካርድዌል በሩን ከፈተ፤ መግቢያው ግን ያለ ገንዘብ አልሆነም።

ሆኖም በዚያ በር የገባ አንድ ሰው አለ። ዊሊያም ሮበርትሰን አባቱ የመንደር ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም በሰው ቤት አገልጋይነት ሠርቶ በ1877 በ16ኛው ፈረሰኛ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። በ1888 መኮንንነት ሲሰጠው የሚገባበት ሬጅመንት ሕንድ በመሆኑ ተቀበለ፤ እዚያ ኑሮው ረከስ ስለሚል በደመወዙ መኖር ይችላል። የደንብ ልብሱን አባቱ ሰፋለት፤ ሌሎቹ መኮንኖች ወይን ሲጠጡ እሱ ውሃ እየጠጣ የሕንድ ቋንቋዎችን አጠና። በ1915 የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም፣ በ1920 ፊልድ ማርሻል ሆነ። ከተራ ወታደርነት ተነስቶ በየማዕረጉ አልፎ ፊልድ ማርሻል የደረሰ ሌላ ሰው የእንግሊዝ ጦር እስከ ዛሬ የለውም።